አሳማዬስ?

ሃያ ሁለት ነበርን፦ እሳት አደጋ፣ ፖሊስ፣ ሁለት ነርሶች፣
ጀልባ ጠባቂዎች፣ የመንደር ሹሞች፣
በሳማር ደሴት፣ በሕፃናት ወንበር ተጣጥፈን ተቀምጠን፣
ጉልበታችን ከአገጫችን፣ ወረቀቱ ከላባችን ተጣብቆብን።

አሠልጣኛችን ኔሜሲያ፣ ጡረታ የወጣች የእሳት አደጋ ሻምበል፣
ድምፅዋ እንደ ደረቅ ፍልጥ ስንጥቅ ስንጥቅ የሚል፣
ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ
«አሥር ሰከንድ አላችሁ» አለች፣ «ከዚያ ወዲያ ማን ሊሰማ!»

ጻፍን።
የኔው እንዲህ ይል ነበር፣ ዛሬም አልረሳሁት፦
«ከዝቅተኛ የአየር ግፊት የተነሣ
የባሕር ወለል ከፍታ መጨመር ስለሚጠበቅ
ኅብረተሰቡ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።»
ማኅተም ብቻ ነበር የጎደለው።
አነበበችው። ገልብጣ ጀርባውን አየችው፣
ምናልባት በዚያ በኩል ሰው ተጽፎበት እንደሆን ብላ።
አጣች። መለሰችልኝ።

«ይህን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ፣
በዚያ ዓመት፣ በራዲዮ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት አንብቤዋለሁ።
ጎረቤቴ ፕሮኮፒዮ ደጃፉ ላይ ቆሞ
ሰማኝ እስከ መጨረሻው፣ መረቡን ተሸክሞ፣
ራሱን ነቀነቀ፣ አዎን እንደ ማለት፣
ከዚያም መረቡን ሊጠግን ተመለሰ ወደ ቤት።
ሚስቱ ናት የነገረችኝ፣ በኋላ።
ጆሮ ዳባ ልበስ አላለም፤ ሰምቶኛል።
የኔ ዓረፍተ ነገር ግን ደረቅ ነበር፤
ጠብታ ውኃ አልነበረበትም።»

በማግስቱ በስልክ መጣች። ጋዜጠኛ ሆነች፣ ሰካራም ሆነች፣
መጨረሻ ላይ እናት ሆና ደወለች።
«ልጄ የት ነው?»
«በማጣራት ላይ ነን» አልኳት፣ አፌ እንደ ለመደው።
«የሚጣራ ውኃ ነው፤ ልጅ ግን ይፈለጋል።
ካላወቅህ አላውቅም በል፤ ሰው ከዚህ የባሰ ስንቱን ይችላል።
መቼ መልሰህ እንደምትደውል ግን ሰዓቱን ቁረጥ፣
እኔም ሰዓቱን ይዤ ልቀመጥ።»

በሦስተኛው ቀን ማጉያውን ይዤ ወረድኩ ወደ ባሕሩ ዳር፣
ፀሐይ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ፣ አንድም ደመና ሳይኖር፦
«ባሕሩ ቤትህ ይገባል! ከጣራህ ይበልጣል!
አሁን ውጣ ወደ ኮረብታው! ቆይቶ መንገዱ ይዘጋል!»

ሰዉ ወጣ፤ ልጆቹ እየሳቁ፣ ሽማግሌዎቹ እያማረሩ፣
አፍ ዳገት አይፈራም፤ የሚፈሩት ጉልበቶች ነበሩ።
ከመጨረሻው ጎጆ ኢስታኪያ ብቅ አለች፣
በሰባ ስምንት ዓመቷ፣ ወገቧን ይዛ ቆመች፦
«አሳማዬስ?»

ወረቀቴን አየሁ። አሳማ የለበትም።
ያቺ አሳማ የልጅ ልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ መሆኗን አላወቅሁም።
«ሕይወት ከንብረት ይበልጣል፣ እማማ» አልኳት፣ የተማርኩ መስዬ።
ራሷን ነቀነቀች፣ አዎን እንደ ማለት፣
ከዚያም በሯን ዘግታ ተመለሰች ወደ ቤት።

ኔሜሲያ ሰዓቷን ተጭና አስቆመች።
«ሞተች» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሃያ ሁለት ሰው ስለ አንዲት አሳማ ስንከራከር አመሸን፤
ነርሷ «ከበሩ ኋላ ገመድ ይንጠልጠል» አለችን፤
አንዱ ፖሊስ የገዛ አጎቱን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ
ኮረብታው ላይ በረት አቆመ፣ ቀርከሃውን በባትሪ መብራት ምሶ።

ሲነጋ እንደገና፦
«ባሕሩ ቤትሽ ይገባል! አሳማሽን ይዘሽ ነይ፣ ገመዱ ከበሩ ኋላ ነው!»
መጀመሪያ የወጣችው አሳማዋ፣
እንደ ሹም ፊት ፊት እየሄደች፣ ጩኸቷ ከማጉያዬ በልጦ፣
ኢስታኪያ በገመዱ ጫፍ፣ መንደሩም ከኋላዋ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ።

ማታ ቅጽ ሞላን። «ከሥልጠናው ምን አገኙ?» ይላል።
ሌሎቹ ገጹን ሞሉት፣ በሚያምር ቋንቋ።
እኔ «ገመድ» ብዬ ፈረምኩ።
ቢሮው «ያልተሟላ» ብሎ መልሶልኛል።